አጭሯ እርምጃ

«ምግቡን ሳትጨርስ ለሳናኤ እንዳትነግሯት» አሉ የሟቹ ታላቅ እህት እማማ ቶሚ።

ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመት ያገለገለ ጆሮ ግን ሹክሹክታን ከጩኸት አይለይም። ሳናኤ ከወጥ ቤቱ ተንሸራታች በር ጀርባ ቆማ የተቀቀለውን የአሳማ ሥጋ እኩል እኩል እየቆረጠች ስለነበር አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። «መነኩሴው ጸሎቱን እንደጨረሰ ሰሌዳውም፣ ቤቱም፣ አዳራሹም ለሪኩ ነው። አቶ ዛሃም የማኅበሩን ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። በቃ፣ ያለቀ ነገር ነው። አሁን ከሰማች ግን ታኮርፍና ሥጋውን ታሳርርብናለች።» የወንድሟ ሚስት «እሺ እማማ» አለች። ሳናኤ ቢላዋዋን አቁማ የጠበቀችው የወንድሟን የጹቶሙን ድምፅ ነበር። አንድ «ግን» ቢል፣ ጉሮሮውን እንኳ ቢጠርግ ይበቃት ነበር። የሰማችው ሻዩን ፉት ሲል ነው። እሷም ቢላዋዋን አንሥታ መቁረጧን ቀጠለች። ሥጋውም አላረረም።

አባቷ ኢሬይ ሞሪቶኩ ከሞቱ ዛሬ አርባ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። ነፍሳቸው እስከ ዛሬ ከቤቱ አልራቀችም፤ ዛሬ ተጸልዮና ተበልቶ ትሸኛለች። ሸኚዎቹ ወንዶች ቢሆኑም ሽኝቱ የሚሰናዳው በሴት እጅ ነው። ሳናኤ ሳይነጋ ተነሥታ ሥጋውን ቀቅላ፣ የባሕር ቅጠሉን ጠቅልላ፣ ቶፉውን ጠብሳ፣ ሁሉንም በጎዶሎ ቁጥር በጥቁሩ ሳጥን ውስጥ መደርደር ይዛለች። ዘጠኝ ሥጋ፣ ዘጠኝ ቶፉ፣ ዘጠኝ ቁራጭ የዓሣ ቂጣ፤ ቂጣው በደስታ ቀን እንደሚበላው ቀይ ሳይሆን ነጩ። ትናንት ገበያ ስትወርድ ሥጋው በኪሎ ሁለት ሺህ የን ገብቶ ነበር። ሥጋ ሻጯ ለምን እንደሆነ ስታውቅ «ለልጄ ዱላ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው» ብላ ሳትጠየቅ ቀነሰችላት፤ አጥንትም መረቀችላት። ከዘመድ ይልቅ ሥጋ ሻጭ የምታዝንበት ቤት ሆነ እንግዲህ።

ሰሌዳ የሚሉት በጸሎት ቁም ሳጥኑ ውስጥ የሚቆመውን ቀይ እንጨት ነው። የቤቱ ሙታን ስም በተራ ተጽፎበታል። ሰሌዳውን የያዘ ቤቱን ይይዛል፤ ቤቱን የያዘ ደግሞ ከሥሩ ያለውን የካራቴ አዳራሽ ይይዛል። ሰሌዳው ከወንድ ወደ ወንድ ይሻገራል እንጂ ወደ ሴት ልጅ አይሄድም። ሴት ከያዘችው ዘር ይደርቃል፣ ሰው ይታመማል፣ ጣሪያ ያፈሳል ይባላል። ጣሪያው በአባቷ ዘመንም ያፈስ ነበር፤ ከስንጥቁ ሥር ባልዲ የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። ሕጉ ወንድና ሴት እኩል ይውረሱ ካለ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ሕጉና እማማ ቶሚ ግን ተገናኝተው አያውቁም። ጹቶሙ ኦሳካ ሥራና ኑሮ ስላለው አይመለስም፤ ስለዚህ ነገሩ ወደ ልጁ ወደ ሪኩ ዞረ። ሳናኤ ሰሌዳውን አልፈለገችውም፤ አልጠየቀችውም። የጠየቀችው አዳራሹን ነው። አቶ ዛሃ የሚመሩት የካራቴ ማኅበር በሚሰጠው ወረቀት ላይ «የኢሬይ ቤት መምህር» ተብሎ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው፤ ያ ስም የእሷ እንዲሆን ነበር ምኞቷ። አባቷ ከመሞታቸው በፊት በሆስፒታሉ አልጋ ላይ እጇን ይዘው «አዳራሹን…» ብለው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዳግመኛም አልተናገሩም። ያንን ዓረፍተ ነገር ሳናኤ አርባ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በራሷ መንገድ ስትጨርሰው ከረመች። እማማ ቶሚ ደግሞ በራሳቸው መንገድ ጨረሱት።

ሳጥኑን ከደነች፤ ሽርጧን ሳትፈታ አዳራሹን ለመጥረግ ደረጃውን ወረደች። አዳራሹ ሰፊ አይደለም። በእንጨት ወለሉ ላይ ሃያ ሰው ከቆመ ክንድ መዘርጋት ያስቸግራል። በግራ ግድግዳ ላይ መሣሪያዎቹ ተሰቅለዋል፤ ረጃጅሞቹ በትሮች፣ ባለሦስት ሹሉ ብረት፣ የወፍጮ እጀታ የሚመስለው ቶንፋ፣ በገመድ የተያያዙት ሁለት አጫጭር ዱላዎች፣ ጥንድ ማጭዶች። ከሁሉም በላይ የአያቷ መቅዘፊያ ተጋድሟል። አያቷ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ጥንት፣ ጦር መያዝ በተከለከለበት ዘመን፣ ድሃ በእጁ ያለውን ነው መሣሪያ ያደረገው። በቀኝ ግድግዳ ላይ ደግሞ የተማሪዎቹ ስም በየማዕረጋቸው በትናንሽ ጣውላዎች ተጽፎ በተራ ተንጠልጥሏል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሕፃናትንና ጀማሪዎችን ያስተማረችው የሳናኤ ጣውላ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሚስማሩ በላላበት ጫፍ ላይ ነው። አራት ዓመት ብቻ የተማረው የሪኩ ጣውላ ከእሷ በሁለት ከፍ ብሏል። መቼ ከፍ እንዳለ አላስተዋለችም ነበር።

ሪኩ መቅዘፊያውን አውርዶ በላብ ተጠምቆ ሲለማመድ አገኘችው።

«አክስቴ፣ አንቺ ደግሞ ለምን ትደክሚያለሽ? እኔ እጠርገው ነበር።»

«መጥረጊያው የት እንደሚቀመጥ ታውቃለህ እንዴ?»

ሳቀ። «እሱንም አስተምሪኛ።»

ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከኦሳካ መጥቶ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ለቱሪስት መኪና ያከራያል። ቀበቶ እንዴት እንደሚታሰር ያሳየችው እሷ ነች፤ ጡጫ ሲሰነዘር አውራ ጣት የት እንደሚውል፣ ወገብ ከእጅ ቀድሞ እንዴት እንደሚዞር ያሳየችውም እሷ ነች። መቅዘፊያውን ግን ያስተማሩት አያቱ ናቸው፤ ከወንበራቸው ላይ ሆነው። ሪኩ ሰማያዊ ደብተር አለው። የምቱን ስም፣ የአቋቋሙን ስም፣ የአያያዙን ስም፣ አያቱ በየቀኑ ያሉትን ሁሉ ቀን እየጻፈ መዝግቦበታል። አያቱ ያስነጠሱበትን ቀን ሳይቀር ሳይጽፈው አልቀረም።

«እስቲ እይኝ» አላት። «ዛሬ አቶ ዛሃ ፊት ላቀርበው ነው።»

ካታ ማለት ከማይታይ ጠላት ጋር በቃል የተጠና ጠብ ነው። የመቅዘፊያው ካታ አንድ ዓሣ አጥማጅ በባሕር ዳር ሲከበብ ይጀምራል። የመቅዘፊያውን ጫፍ አሸዋ ውስጥ ይሰካና ወደ ጠላቱ ዓይን ይረጫል፤ ከዚያ ይመታል፣ ይዞራል፣ ይከላከላል። አሥራ ሦስተኛው እንቅስቃሴ ላይ ቀኝ እግር ወደ ፊት ይወረወርና መቅዘፊያው ከላይ ይወርዳል። ሪኩ እዚያ ሲደርስ ግራ እግሩን በረጅሙ ረገጠ፤ ቀኙን ግን ሊዘረጋው ሲል ሰበሰበው፣ ወለሉ ላይ ፈቀቅ አደረገው፣ ግማሽ እርምጃ ብቻ ሄደ። ይህች ነች የኢሬይ ቤት ምሥጢር። «አጭሯ እርምጃ» ይሏታል። ስለ እሷ መጽሔት ላይ ተጽፏል። ከጀርመንና ከብራዚል ድረስ ሰው መጥቶ፣ እዚህ ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ የሽማግሌውን ቀኝ እግር በቪዲዮ ቀርጾ ሄዷል።

ሳናኤ እርምጃዋ ከየት እንደመጣች ታውቃለች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ቦታው ከከተማው በስተደቡብ፣ ኢቶማን ባሕር ዳር። እሷ መቅዘፊያውን፣ አባቷ በትራቸውን ይዘው ቆሙ። «እንዳትራሪልኝ» አሏት። አልራራችላቸውም። አሸዋውን እንደ አዳራሹ በማስመሰል ሳይሆን ከምር ረጨችው። አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጇ አልቆመም። የመቅዘፊያው ስል ጠርዝ ቀኝ ጉልበታቸው ላይ ሲያርፍ ሸንኮራ አገዳ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ደስ አላት፤ ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እፍረት ነው። ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ የነበረው ጹቶሙ የሁሉንም ጫማ ታቅፎ ግንቡ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም አይቷል። ታክሲ ውስጥ አባታቸው ሁለቱንም በተራ ተመለከቷቸውና «ወደቡ ደረጃ ላይ ተንሸራተትኩ» አሏቸው። የወረደ ትእዛዝ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ጉልበታቸው ተጠግኖ፣ ግን አልዘረጋ ብሎ፣ ተማሪዎቻቸው ፊት ቆመው ካታውን አሳዩ። አሥራ ሦስተኛው ላይ እግራቸው ከዳቸው። ያኔ ወጣት የነበሩት አቶ ዛሃ ጎንበስ ብለው «መምህር፣ ይህች አጭር እርምጃ ምን ትባላለች?» ብለው ጠየቁ። ሳናኤ ከኋላ ባልዲ ይዛ ቆማለች። «መምህሬ እስከ መጨረሻው የደበቁኝ ናት» አሉ አባቷ በመጨረሻ። «አሁን ደርሳችኋልና ይኸው።» አቶ ዛሃ በግንባራቸው ወለሉን ነኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሳናኤ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ተዛወረች። አባቷ ከዚያ በኋላ ከእሷ ጋር ፊት ለፊት መሣሪያ ይዘው ቆመው አያውቁም። ተቆጥተው ይሁን ፈርተው፣ እስከ ዛሬ አልገባትም።

«እንዴት ነው?» አለ ሪኩ እያለከለከ።

«ቀኝ እግርህ እስከ መጨረሻው ቢዘረጋስ?»

«ኧረ አክስቴ! ምሥጢሩ እኮ እዚያ ላይ ነው።» በትዕግሥት ያስረዳት ጀመር፤ ጠላት ርቀቱን እንዳይለካ፣ ክብደት ወደ ኋላ እንዲቀር፣ ምናምን። ደብተሩ ውስጥ ሁሉም አለ። ከዚያ ድንገት ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸና መጥረጊያውን ለመፈለግ ዞረ። «አንቺ ማስተማርሽን አትተዪም እኮ» አለ ጀርባውን ሰጥቷት። «ሕፃናቱን ማለቴ ነው።»

እሱም ያውቃል ማለት ነው። ሥጋው ሳያልቅ መስማት የሌለባት እሷ ብቻ ነበረች። «ላብህን ጥረግ፣ መነኩሴው ሊደርስ ነው» አለችው። መጥረጊያው ከበሩ ጀርባ እንደሆነ ግን አልነገረችውም።

መነኩሴው በአራት ሰዓት ተኩል መጣ፤ ሌላ ቤት ስላለበት ጸሎቱን አስሮጠው። የሟቹን ስም ለጊዜው የያዘው ነጭ እንጨት ተነሣ፤ የአባቷ ስም ቀዩ ሰሌዳ ላይ ከአያቷ ስም ቀጥሎ ገባ። ጥቁሩ እጣን ጨሰ። ሟች መንገድ ላይ እንዳይቸገር የወረቀት ገንዘብ በሣህን ተቃጠለ፤ አመዱ ላይ ውሃ ያፈሰሰችውም ሳናኤ ነበረች። እማማ ቶሚ ከትራሳቸው ላይ ሆነው ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን በስንተኛ ተራ እንደሚሰግድ ያዝዙ ነበር። ሪኩ ከአባቱ ቀጥሎ፣ ሳናኤ ከወንድሟ ሚስት ኋላ ሰገደች። ከዚያ ተበላ። አቶ ዛሃ ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ሦስተኛ ቁራጭ ሥጋ አነሡና «አፍ ላይ ይሟሟል፤ የማን እጅ ነው?» አሉ።

«የእሷ ነው» አሉ እማማ ቶሚ ወደ ሳናኤ በአገጫቸው እየጠቆሙ። «በእጇስ አትታማም።»

ቀጥለውም ሳህኖቹ ባዶ መሆናቸውን አይተው ውሳኔውን ተናገሩ። ረጅም ንግግር አልነበረም። ሰሌዳው እንዲህ ሆኗል፣ ቤቱ እንዲህ ሆኗል፣ አባቶችም ደስ ይላቸዋል። ሳናኤ እዚያው ከፎቅ ባለችው ትንሿ ክፍል እስከ ፈለገችው ጊዜ ትቀመጣለች፤ ማን ውጪ ይላታል። ሁሉም ወደ እሷ ተመለከተ። ሥጋውን አሳርሬ ቢሆን ኖሮ ብላ አሰበችና «ሻይ ልጨምር?» አለች። እማማ ቶሚ በረጅሙ ተነፈሱ። ከሁሉም የባሰ ያናደዳት ያ ትንፋሽ ነው፤ ዘመዶቿ በውሳኔያቸው አላፈሩም፣ የፈሩት የእሷን ጩኸት ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ አዳራሹ ወረዱ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ተማሪዎች በግድግዳው ሥር ተንበርክከዋል። የአባቷ ፎቶግራፍ ከፊት ለፊት ቆሟል፤ ከላይ የሚያልፍ አውሮፕላን መስኮቶቹንም ፎቶግራፉንም አንቀጠቀጣቸው። ሪኩ መቅዘፊያውን ይዞ ወጣ። ደህና አድርጎ ሠራው፤ ይህን መካድ አትችልም። አጭሯ እርምጃ ላይ ሲደርስ አንዳንዶቹ ተማሪዎች ትንፋሻቸውን ያዙ። አቶ ዛሃ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከደረት ኪሳቸውም ወረቀቱን አወጡ። ወረቀቱ ላይ ስሙ ቀድሞ ተጽፎ ነበር።

ሳናኤ ሽርጧን ፈታች። «እኔም ለአባቴ ላቅርብ» አለች።

«ሳህኑን ማን ሊያጥበው ነው?» አሉ እማማ ቶሚ። አቶ ዛሃ ግን በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። «ታቅርብ እንጂ፤ ልጃቸው አይደለችም እንዴ።»

መቅዘፊያው ከሪኩ እጅ ላብ ሞቆ ነበር። ያዘችው፤ ክብደቱን ትከሻዋ ወዲያው አወቀው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ሕፃናቱ ከሄዱ በኋላ ብቻዋን ስትሠራው ኖራለች፤ አባቷ በሠሩት መንገድ፣ ጉልበታቸው ሙሉ በነበረበት ጊዜ። አሸዋውን ረጨች። ዞረች፣ ተከላከለች፣ መታች። አሥራ ሦስተኛው ላይ ቀኝ እግሯ እስከ መጨረሻው ተወረወረ፤ ወለሉ ከሥሯ ጮኸ፤ መቅዘፊያውም አየሩን ሰንጥቆ ወረደና ከመሬት አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህ ምት በሰው ፊት ከተሰማ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የጀማሪዎቹ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ጨርሳ ስትሰግድ እውነቱን አሁን ያዩታል ብላ አምናለች። ሞኝነቷ ይህ ነበር፤ ያላየው ሰው እውነተኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል?

አቶ ዛሃ ፈገግ አሉ፤ ለሕፃን ፈገግ እንደሚባለው። «ጎበዝ። ጉልበትስ አለሽ። ግን አሥራ ሦስተኛዋን ስተሻታል።» ተነሡና ደህና በሆነው ጉልበታቸው እያነከሱ አሳዩዋት። «እንዲህ ነች። አባትሽ ይህችን የገለጡልኝ እዚሁ ወለል ላይ ነው። አንቺም ነበርሽ መሰለኝ።»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ እንዴት አመለጠችሽ?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆሟል፤ እኔ ነኝ የሰበርኳቸው። ያንን ብትል ግን ነፍሳቸው በምትሸኝበት ቀን፣ በገዛ ፎቶግራፋቸው ፊት አባቷን ውሸታም ማድረጓ ነው። ደግሞስ ማን ያምናታል? ቤት የተነፈገች ሴት ቅናት ነው ይሉታል። የሚያምኑት አንድ ሰው ብቻ አለ። ወደ ጹቶሙ ተመለከተች። ጹቶሙ አፉን ከፈተ፤ እሷም አየችው፣ በእርግጥ ከፍቶት ነበር። ከዚያ ሱሪው ላይ አንዲት ክር አግኝቶ መልቀም ያዘ።

«ተሳስቻለሁ» አለች ሳናኤ። «ይታረማል።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ይታረም፤ አባትሽም እያዩሽ ይሂዱ» አሉ አቶ ዛሃ። ከልባቸው ለደግ ብለው ነው። «ሪኩ፣ ቁጠርላት።»

ሪኩ እስከ ጆሮው ቀላ። እምቢ ማለት ግን አዲስ የተሾመ መምህር አይችልም። «ኢች» አለ ወደ ወለሉ እያየ። ሳናኤ ግራ እግሯን በረጅሙ ረገጠች፤ ቀኙን ሰብስባ ፈቀቅ አደረገች። «ኒ።» እንደገና። «ሳን።» እንደገና። ምንም ያልሆነ ጉልበቷን እንደ ተሰበረ እየጎተተች፣ የሰበረችውን ሰው አነካከስ በፎቶግራፉ ፊት ሦስት ጊዜ አነከሰች። «አሁን ገባት» አሉ አቶ ዛሃ፤ ተማሪዎቹም አጨበጨቡላት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወጥ ቤት ገብታ ሽርጧን መልሳ አሥራ ሳህን ማጠብ ያዘች። ጹቶሙ የተረፉትን ኩባያዎች ይዞ መጣና ፎጣ አንሥቶ አጠገቧ ቆመ። ብዙ ሳህን ታጥቦ ብዙ ሳህን ደረቀ። ከመስኮቱ ውጪ የጎረቤት ልብስ በነፋስ ይወራጫል።

«እንኳንም አልተናገርሽ» አለ በመጨረሻ።

«አንተ አይተሃል።»

«ልጅ ነበርኩ እኮ እትዬ።»

«ዛሬስ?»

ደርቆ ያለቀውን ሳህን እንደገና ያደርቅ ጀመር። «መኪና ሲያከራይ ሊኖር ነው እንዴ?» አለ። «ልጄ ነው። አንድ ነገር ይኑረው ብዬ ነው። ኦሳካ ውስጥ እኔ ምን አለኝ?» ሳናኤ ሌላ ሳህን አነሣች። መልሱን ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት አብረው ታክሲ ውስጥ ሲቀመጡ ያወቀችው መሰላት፤ እሷ መታች፣ እሱ አየ፣ አባታቸው ዋሹ። ከሦስቱ የከፈለችው አንዷ ብቻ ነች።

ሪኩ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ሰማያዊ ደብተሩን ይዟል። ሊያያት አልደፈረም። «አክስቴ፣ ለቅድሙ ይቅርታ አድርጊልኝ። አቶ ዛሃ ሲሉኝ ምን ላድርግ?» ደብተሩን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሚቀጥለው ወር ከውጭ አገር ሰዎች ይመጣሉ። አጭሯ እርምጃ ለምን እንደምትጠቅም ከጠየቁኝ ምን ልበላቸው? አያቴ ደጋግመው ብጠይቃቸውም አንድም ቀን አልነገሩኝም። ስጠይቃቸው ሁልጊዜ ወደ አንቺ ያዩ ነበር።»

የሳናኤ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ። ጹቶሙ ፎጣውን ጨብጦ ቀረ።

«ወደ እኔ?»

«ከወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ሕፃናቱን ስታስተምሪ። አንቺ አታይያቸውም ነበር።»

እጇን አውጥታ በሽርጧ ጠረገች። ለማድረቅ ከሚያስፈልገው በላይ ጊዜ ወሰደባት። «ጻፍ» አለችው። ሪኩ ደብተሩን የምግብ ሳጥኑ ክዳን ላይ ዘረጋ። «ተመትቶ ዝም ያለ ሰው እርምጃ ናት በላቸው።»

ጻፈ። «ምቱ የሚመጣው ከየት ነው? ከፊት ነው ከጎን?»

«ከቤት ነው» አለች። «አባትህን ጠይቀው፣ እሱም ያውቃታል።»

ሪኩ «ከቤት» የሚለውንም አስተካክሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ቀኑንም አስገባ። ከዚያ አባቱን ለመጠየቅ ቀና ሲል ጹቶሙ ኩባያዎቹን መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጥ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።

ሳናኤ ሽርጧን በሩ ላይ ሰቅላ ወረደች። አዳራሹ ባዶ ነበር። ከመስኮቱ አጠገብ የስም ጣውላዋን ከላላው ሚስማር አወጣችና ኪሷ ከተተችው። ሰኞ ሕፃናቱ ሲመጡ ቀበቷቸውን የሚያስር ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ እሷ አትመጣም፤ የት እንደምትሄድ ግን ገና አላወቀችም። መውጫው ደፍ ላይ ተቀምጣ አንድ ጫማዋን አጠለቀች። ሪኩ ደረጃውን ወርዶ አዳራሹ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ሰማችው፤ መቅዘፊያው ከግድግዳው ሲወርድም ሰማች። ልምምዱን ጀመረ።

ከተዘጋው በር ጀርባ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ፈቀቅ የሚል እርምጃ መጣ። እንደገና አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በየማለዳው ይህ የአባቷ ኮቴ በፎቁ ኮሪደር መጥቶ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ይቆም ነበር፤ አርባ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልተሰማም። ሳናኤ ሁለተኛውን ጫማ እንደያዘች ብድግ አለች።

«መጣሁ አባዬ» አለች፤ ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው በሩ ወደ እሷ እንደማይከፈት ትዝ ያላት።